ጋልቫኖሜትር በመርፌና በክር

መስከረም 20

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ እርስዎ ስለሌሉ አንድ ወንበር ትርፍ አለን እንጂ ሌላ ጉድለት የለብንም። አባባ የስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ "ለወንድሜ ጻፊለት፤ ሊፍት ውስጥ እንዳይገባ" ብሎኛል። ሊፍት የሚጠግን ሰው ሊፍት ውስጥ ሳይገባ እንዴት እንደሚሠራ እሱ ይወቀው።

ከባሕር ማዶ የላኩልን ሳጥን ደረሰ! መምህራን ማረፊያ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነው። ሁሉን ነገር አንድ በአንድ በካልሲ ጠቅልለው መላክዎ አስቆንም አስለቅሶንም ነበር። ቮልት መለኪያው፣ ሌንሶቹ፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ እንኳ የሚለካው ጋልቫኖሜትር፣ አንዳቸውም ጭረት የላቸውም። የስፖርት መምህሩ መሣሪያዎቹን ትቶ ካልሲዎቹን ለምኖኝ ሰጥቼዋለሁ።

ደግሞ በሰዓቱ ነው የደረሰው። ከትምህርት ቢሮ ሰርኩላር መጥቷል። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ፊዚክስ አያስተምርም ይላል። ግንቦት ላይ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ካልተፈቀደልን ፊዚክስ የሚፈልግ ልጅ ሁሉ ከተማ ወርዶ፣ ቤት ተከራይቶ መማሩ ነው። ወንዶቹ አንዳንዶቹ ይሄዱ ይሆናል። ሴቶቹን ግን ማን ይለቃቸዋል? ከክፍሌ ጎበዞቹ ደግሞ እነሱ ናቸው።

ዕቃዎቹ ደህና ቦታ ተቀምጠዋል፤ በእሱ አያስቡ። ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 4

ለወንድሜ ልጅ፣ ለመምህርቷ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ያሰብሽው ይሙላልሽ። ለወንድሜ ሊፍት ውስጥ እንደምገባና እስካሁን እንዳልበላኝ ንገሪልኝ። ወገቤ እንዳለ ነው፤ ስለሱ አትጠይቂኝ።

ስልክ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ስልክ ላይ ሁለታችንም "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ተባብለን እንዘጋዋለን። ደብዳቤሽን ግን ኪሴ ከትቼ ሥራ ቦታ እወስደዋለሁ፤ በምሳ ሰዓት ደግሞ አወጣዋለሁ። አለቃዬ "ዛሬስ መምህርቷ ምን አለች?" ይለኛል። አንቺን አይቶሽ አያውቅም እንጂ ስለ ክፍልሽ ከእኔ እኩል ያወራል።

ሳጥኑን ለምን እንደላክሁት ነግሬሽ አላውቅም። እኔ በተማርኩበት ጊዜ ፈተና ላይ "ጋልቫኖሜትር ሥለህ ክፍሎቹን ሰይም" ተባልን። እንደኔ አሳምሮ የሣለ አልነበረም። ማግኔቱ፣ ጥቅል ሽቦው፣ መርፌው፣ ሁሉም በቦታቸው። ሙሉ ነጥብ! መምህራችን ወረቀቴን ይዞ ክፍል ለክፍል አዞረው። እዚህ መጥቼ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አንድ ጥቁር ዕቃ አቀበለኝና "በዚህ ለካው" አለኝ። አገላብጬ አየሁት። "ምንድነው ይሄ?" አልኩት። እንዴት እንደሳቀ! ጋልቫኖሜትር ነበር። በምን ልወቀው? እኔ የሣልኩት ሽፋን አልነበረውማ።

ስለዚህ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ የነካው ተማሪ ማነው? እጁ ላይ ሲያርፍስ ምን አለ? ይህን ጻፊልኝና ሌላ አልፈልግም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ስለወገብዎ አትጠይቂኝ ብለዋል፤ አልጠየቅሁም። አባባ ግን ይጠይቃል።

የፈተናዎን ታሪክ ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው። በሳቅ ፈረሱ፤ ከዚያ ግን ወደየደብተራቸው አቀረቀሩ። ደብተራቸው ውስጥ ያሉት ሥዕሎች የእርስዎን ይመስላሉና።

ማን መጀመሪያ እንደነካው በሌላ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ። አሁን የሠራነውን ላውራዎት። "ከቤታችሁ የሚጣል ነገር አምጡ" አልኳቸውና ክፍሉ የቆሻሻ ገንዳ መሰለ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎኑን ከላይ እስከ ታች በሚስማር በስተን ውሃ ሞላንበት። የታችኛው ቀዳዳ ከሁሉ በርትቶ ሲተፋ፣ ግፊት ምን እንደሆነ ጠመኔ ሳልነካ ገባቸው። ፊኛ ነፍተን በተወጠረ ገመድ ላይ ለቀቅን። ገመዱ ተበጠሰና ፊኛው በበሩ የሚያልፈውን የሂሳብ መምህር ግንባሩ ላይ አገኘው። የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ ከእንግዲህ እሱም አይረሳው።

ጋልቫኖሜትርም ሠራን። የእርስዎ እያለ ለምን ይሉኝ ይሆናል፤ ውስጡን እንዲያውቁት ብዬ ነው። የአባባን የልብስ መርፌ ማግኔት ላይ ደጋግመን አሸነው፤ በክሩ አንጠለጠልነው፤ የጨርቅ መጠቅለያ ካርቶን ቆርጠን ዙሪያውን የመዳብ ሽቦ ጠመጠምንበት። የባትሪ ድንጋይ ብናገናኘው መርፌው ዘወር አለ። አባባ ሱቁን ዘግቶ ሊያየው መጣ፤ "መርፌዬ አስተማሪ ሆነ" እያለ ለደንበኛው ሁሉ ያወራል።

አሁን ደግሞ ጉዴን ልንገርዎ። ማግኔት ጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር ላሳያቸው ፈለግሁ። ሁለተኛ ጥቅል ሠርቼ ከመርፌው አጠገብ አገናኘሁት። ከተበላሸ ሬዲዮ ያወጣነውን ማግኔት ወደ ጥቅሉ ሳስጠጋ መርፌው ዘለለ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ያኔ አንዲት ተማሪ ከኋላ ተነሣች። ነገሩን ሁሉ "እስቲ" ብላ ስለምትጀምር "እስቲ" ነው የምንላት። "እስቲ መምህርት፣ ሽቦውን ነቅለን እንየው?" አለች። ነቀለችው። ማግኔቱን አወዛወዘች። መርፌው እንደገና ዘለለ።

ለካ ኤሌክትሪክ አልነበረም! ማግኔቱ ቅርብ ስለሆነ መርፌውን በቀጥታ ነው የሚስበው። እኔ ዲግሪ ይዤ ያላየሁትን አየችው። አንድ ደቂቃ አፈርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ልጆቹ እኔን ማመን ትተው መርፌውን ማየት ጀምረዋል።

ስለዚህ ልመናዬን ልቀይር። ባለፈው ዓመት የጠየቅሁዎ ሌላ ዕቃ ሁሉ ይቅር። መርፌውን ከማግኔቱ አርቀን ክፍሉ ሌላ ጫፍ ላይ ለማስቀመጥ ቀጭንና ረጅም የመዳብ ሽቦ እንፈልጋለን፤ ለጥቅሉም ብዙ ዙር ያስፈልጋል። ከተቃጠለ ሞተር የወጣም ቢሆን ይበቃናል።

በሄዱበት ሁሉ ይቅናዎ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 20

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ያቺን እስቲን በጉንጯ ሳሚልኝ። ደብዳቤሽን ለአለቃዬ ስተረጉምለት "ሽቦውን ነቀለችው" የሚለው ላይ ስደርስ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። "ይቺን ልጅ እኔ ዛሬውኑ ልቅጠራት" አለ።

ሽቦው ይኸው። አሮጌ የሊፍት ሞተር ፈትተን አወጣነው። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አለቃዬ ነው የጠቀለለው። ላዩ ቀለም የተቀባ ስለሆነ ጫፉን በምላጭ ፋቁት፤ አለዚያ አያስተላልፍም።

ጥያቄዬን ግን አልመለስሽልኝም። መጻፉ ካታከተሽ ፎቶ ላኪልኝ። የተማሪዎቹን እጅ ማየት ይበቃኛል።

አጎትሽ


የካቲት 18

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለእርስዎም ለአለቃዎም እጃችሁ ይባረክ። በሽቦው አዲስ ጋልቫኖሜትር ሠራን፤ ሠርቷል! ማግኔቱ በሩ ጋ፣ መርፌው መስኮቱ ጋ፣ መሃላቸው ክፍሉ በሙሉ። ተማሪዎቹ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው መርፌው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ዘወር ሲል አዩት። እስቲ ሽቦውን ነቀለችና ማግኔቱን አወዛወዘች፤ መርፌው ዝም አለ። መልሳ አገናኘች፤ ዘወር አለ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም እየተጋፋ ልሞክር አለ።

ፎቶው ይኸው። ርዕሰ መምህራችን "እዚህ ጋ ቁሙ፤ እዚህ ያምራል" ብለው ራሳቸው ናቸው ያሰለፉን። ሌላ የምጽፈው ነበረኝ፤ ደወል ተደወለ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 10

ፎቶውን አየሁት።

ከተማሪዎቹ ጀርባ ባለመስታወት ቁምሳጥን አለ። ቁምሳጥኑ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከመስታወቱ ወዲያ ጋልቫኖሜትሩ ተቀምጧል። መንገድ ላይ እንዳይናጥ ብዬ ፊቱ ላይ የለጠፍኩት ቢጫ ፕላስተር እንዳለ ነው። ማንም አልነካውም።

እኔ መሣሪያ ነበር የላክሁት። ሥዕልማ ድሮም ነበረን።

አጎትሽ


ግንቦት 28

ይድረስ በጣም ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ፣

ሰላምታዬን ይቀበሉኝ፤ ባይቀበሉኝም እደግመዋለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ? ልብዎስ?

የመጨረሻው ደብዳቤዎ ሰላምታ አልነበረውም። አባባ ሲያነበው የስፌት መኪናውን አቆመ። "ወንድሜ ሰላም ሳይል ጽፎ አያውቅም" ብሎ ያን ቀን አልሠራም። እኔም ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ያ ቢጫ ፕላስተር ፊቴ ድቅን እያለ መልሼ አስቀመጥኩት። ተቆጣጣሪው መጥቶ ጉዳችን እስኪለይ ልጠብቅ አልኩ። ለይቶለታልና አሁን ሁሉንም እነግርዎታለሁ።

ሳጥኑ በመጣ ዕለት ማታውኑ ንብረት ክፍል መዘገበው፤ ርዕሰ መምህሩም ቆለፉበት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም የቁምሳጥኑን መስታወት በየጠዋቱ በመሐረባቸው የሚወለውሉት እሳቸው ናቸው። በኖሩበት ትምህርት ቤት ሁሉ ግን አንድ ዕቃ ሲሰበር የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነው። "ቢሰበር ማን ይተካዋል? አንቺው ንገሪኝ፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ!" ይሉኛል። ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። ሌላ ደብዳቤ ላይ እጽፍልዎታለሁ ያልኩት ነገር ይህ ነው። እርስዎ በካልሲ ጠቅልለው የላኩትን ተቆለፈበት ብዬ ለመጻፍ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ጠፍቶኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ተቆጣጣሪው የመጣው ማክሰኞ ነው። ባርኔጣውን በእጁ የያዘ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰውዬ። ርዕሰ መምህሩ አዲስ ክራባት አድርገው ወደ ቁምሳጥኑ መሩትና ቁልፉን አወጡ። "ቤተ ሙከራችን ይኸውልዎ!" አሉ። ተቆጣጣሪው ጋልቫኖሜትሩን አነሣ። ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"ይሄን መቼ ነው የተጠቀማችሁበት?" አለ።

"በከፍተኛ ጥንቃቄ ነው የያዝነው" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

"መያዛችሁን አየሁ። መጠቀማችሁን ነው የጠየቅሁት።"

ርዕሰ መምህሩ ክራባታቸውን አስተካከሉ። ተቆጣጣሪው ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ከአጠገቤ የቆሙት ልጆች ሁሉም ገብቷቸዋል። እስቲ ከንፈሯን ነክሳለች። አባቷ ከተማ ወርዳ እንድትማር እንደማይፈቅድ ቁርጡን ነግሯታል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ተቆጣጣሪውም ከዚያ ሁሉ ልጅ መርጦ ለእሷ አቀበላት።

"ምንድነው ይሄ?" አላት።

አጎቴ፣ የእርስዎ ታሪክ ትዝ አለኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳላይ የሰማሁት ድምፅ የፕላስተሩ ነው። በጥፍሯ ላጠችው። ርዕሰ መምህሩ "ኧረ ቀስ!" ሲሉ ዓይኔን ገለጥኩ። ወደ መስኮቱ ወስዳ አዘንብላ እያየችው ነበር።

"እስቲ… ዜሮው መሃል ነው" አለች። "ስለዚህ ወዲያም ወዲህም ይሄዳል ማለት ነው። የኛም እንደዚያ ነው።"

"የእናንተ የቱ?" አለ።

ወደ ክፍላችን ወሰደችው። መስኮቱ ጋ ካርቶኑ፣ ሽቦው፣ በክር የተንጠለጠለው የአባባ መርፌ። የእኛን ነቅላ በቦታው የእርስዎን አገናኘች። ተቆጣጣሪው ማግኔቱን ራሱ ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ "አንዴ ይቆዩ ጌታዬ" ብላ አንዱን የሽቦ ጫፍ መልሳ ነቀለች። "መጀመሪያ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው። አሁን ያወዛውዙት።" አወዛወዘ። መርፌው አልተንቀሳቀሰም። "ማግኔቱ በቀጥታ እንዳልሳበው አየን። አንዴ ተሸውደናል፤ መምህርታችንም አብራ ተሸውዳለች" አለችና ሽቦውን አገናኘች። አሁን ማግኔቱን ሲያስገባ የጋልቫኖሜትሩ መርፌ ወደ ቀኝ ብድግ አለ፤ ሲያወጣ ወደ ግራ። ሰውዬው ደጋገመው። ባርኔጣውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እንደገና ደጋገመው።

"እህ፣ ታዲያ ምንድነው ይሄ?" አላት መልሶ።

"ይሄማ የኛው ነው" አለች እስቲ። "ልብስ ለብሶ ነው እንጂ።"

ሰውዬው እስኪያስለው ሳቀ። እኔን ግን አላሳቀኝም፤ እንባዬ መጣ። መጀመሪያ የነካው ማነው ብለውኝ ነበር፤ ሲነካው ምን አለ ብለውኝ ነበር። መልሱ ይኸውልዎ። ሰባት ወር ዘግይቶብዎታል፤ ይቅር ይበሉኝ።

ትናንት የቢሮው ደብዳቤ መጣ። ተፈቅዶልናል! ያውም የአካባቢው የፊዚክስ መምህራን ክረምት ላይ መጥተው ይህን ክፍል እንዲያዩ ታዟል። አባባ ለጠቅላላ ሰፈሩ አውርቶ ጨርሷል፤ መርፌውን እንደ ልጁ ነው የሚጠራው። እስቲም አሥራ አንደኛ ክፍልን እዚሁ ልትማር ነው። አባቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ርዕሰ መምህሩስ ምን አደረጉ መሰለዎት? የእርስዎን መሣሪያዎች በሙሉ ከቁምሳጥኑ አውጥተው ክፍሌ ድረስ በገዛ እጃቸው አመጡልኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ የልጆቹን ካርቶንና መርፌ አንሥተው ይዘው ሄዱ። ሳይ፣ መስታወቱ ወለል ብሎ ተወልውሎ ቆሻሻችን ሁሉ ተደርድሮበታል! ጓጉንቸሩም በቦታው። "እንግዶች የሚመጡት ይሄን ሊያዩ ነው፤ ቢሰበር ማን ይተካዋል?" አሉኝ። ልጆቹ ሌላ እየሠሩ ነው፤ እርግጠኛ የምሆንበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ጋልቫኖሜትር ግን፣ ያንን የተሸወድንበትን፣ ንብረት ክፍል ሳይመዘግበው አሾልኬዋለሁ። በዚህ ጥቅል ውስጥ ነው። በአባባ ካልሲ ነው የጠቀለልኩት፤ ታጥቧል።

ይታረቁኝ እንደሆነ ሰላም ብለው ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

የወንድምዎ ልጅ


ሐምሌ 30

ለምወድሽና ለምኮራብሽ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ሰላም ለወንድሜ፤ ሰላም ለእስቲ፤ ሰላም ለእስቲ አባት፤ ሰላም ለርዕሰ መምህሩ ከነጓጉንቸራቸው፤ ፊኛ ለመታው የሂሳብ መምህርም ሰላም። ባለፈው ያስቀረሁትን ሰላምታ ከነወለዱ ከፍያለሁ። ታርቀናል።

"ልብስ ለብሶ ነው እንጂ" የሚለውን ሳነብ ሥራ ቦታ ነበርኩ። ተነሥቼ ደረጃው ላይ ወጣሁ፤ ሰው እንዳያየኝ ነው። ያቺ ልጅ የኔን የፈተና ወረቀት በአራት ቃል አረመችው። እኔ እኮ ያለ ልብሱ ነበር የማውቀው፤ ለብሶ ሲመጣ ነው የጠፋኝ። እሷ ግን ያለ ልብሱ በገዛ እጇ ሠርታው ነበርና ለብሶም ሲመጣ አልተሸወደችም። ልቤ ቅቤ ጠጣ ብል ያንሰኛል።

ጥቅሉ ደኅና ደረሰ። ክሩ ትንሽ ተወሳስቦ ነበር፤ ፈታሁት። የወንድሜን መርፌ አወቅሁት፤ ለካፖርት የሚጠቀምበት ረጅሙ ነው። ከልብስ መቀየሪያው ክፍል አጠገብ፣ ሁሉም በሚያልፍበት ቦታ፣ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። አልቆለፍኩበትም።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ገባ። አይቶት አለፈ፤ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ ካርቶኑን አየ፤ ሽቦውን አየ፤ ከደብዳቤሽ ያነበብኩለት መሆኑን አላወቀም። መነጽሩን አውጥቶ መርፌውን አየ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል አሁን። ከዚያ ቀና ብሎ፣ እኔ በመጀመሪያው ቀን የጠየቅሁትን ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ።

"ምንድነው ይሄ?"

እኔ አልሳቅሁም። እጁን ያዝኩና ካርቶኑን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት፤ የባትሪ ድንጋዩን በሌላ እጁ ሰጠሁት። "አገናኘው" አልኩት። አገናኘ። የወንድሜ መርፌ ዘወር አለ። አለቃዬ እንደ ልጅ ሳቀ፤ ነቀለው፣ አገናኘው፣ ነቀለው። ሠራተኛውን ሁሉ ጠርቶ አሰለፈና በየተራ አስነካቸው። ያን ቀን ሦስት ሊፍት ቆሞ አረፈደ።

በመጨረሻ ሁሉም ወደ ሥራው ሲበተን ወደኔ ጠጋ አለ። "የት ነው የሚሸጠው? ለልጅ ልጄ ልግዛለት" አለኝ።

አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሌላውም ሰው እንዲሰማ "አይሸጥም" አልኩት። "ልጆቹ አሠራሩን ያስተምሩሃል እንጂ።"

አጎትሽ